የሚክሰሩ አይሲ ከመቀየሩ በፊት ፓወር ሰፕላዩ ይታይ

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በባሕር ዳር ከተማ የድምፅ መሣሪያ በመጠገን የምተዳደር ሰው ነኝ። የሠርግ ወቅት በቀረበ ቁጥር የአዳራሽና የሐይቅ ዳር መዝናኛ ባለቤቶች ያረጀ ሚክሰራቸውን (የብዙ ማይክራፎንና የሙዚቃ መሣሪያ ድምፅ አዋህዶ የሚያወጣውን መሣሪያ) ይዘው እየመጡ፣ በውስጡ ስላሉት አይሲ ስለሚባሉ ትንንሽ ቺፖች «አይሲው በሙሉ ይቀየርልን፤ ድምፁ ይጠራል ተብለናል» ይሉኛል። ምክሩ ከፊሉ እውነት ቢሆንም ብዙዎችን ለማይገባ ወጪ እየዳረገ ስለሆነ በጋዜጣችሁ በኩል ጥቂት ለማለት እወዳለሁ።

በሚክሰር ውስጥ የማይክራፎኑን ደካማ ድምፅ የሚያጎሉትና የየቻናሉን (የየመግቢያውን) ድምፅ የሚደምሩት ኦፕ አምፕ የሚባሉ አይሲዎች ናቸው። በቆዩ ሚክሰሮች 4558 ወይም ቲኤል 072 በብዛት ይገኛሉ፤ ምትክ ሆኖ የሚመከረው ደግሞ ኤንኢ 5532 ነው። ሦስቱም ባለ ስምንት እግርና የእግራቸውም ሥራ አንድ ዓይነት ስለሆነ አንዱን ነቅሎ ሌላውን መበየድ ቀላል ይመስላል፤ 5532 ከቲኤል 072 ይልቅ «ሽሽሽ» የሚለው የጀርባ ድምፁ አነስተኛ መሆኑም አይካድም። ነገር ግን ቲኤል 072 ከፓወር ሰፕላዩ (ለሚክሰሩ ኤሌክትሪክ ከሚያቀርበው ክፍል) በተለምዶ 3 ሚሊአምፒር ገደማ ኤሌክትሪክ ሲወስድ 5532 ወደ 8 ሚሊአምፒር ይወስዳል። ስለዚህ 60 አይሲ ያለው ሚክሰር ሁሉም ቢቀየርለት በፖዘቲቩም በኔጋቲቩም መስመር ላይ 300 ሚሊአምፒር ያህል ተጨማሪ ጭነት ይመጣበታል።

ይህን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። ከዓመታት በፊት የአንድ ደንበኛዬን ባለ 24 ቻናል ሚክሰር አይሲዎች በሙሉ በ5532 ቀይሬ፣ በሱቄ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ሞክሬ አስረከብኩ። በጣና ዳር በተደገሰ ሠርግ ላይ፣ የከሰዓቱ ፀሐይ በበረታበት ሰዓት፣ የፓወር ሰፕላዩ ሬጉሌተር (ቮልቴጁን የሚያረጋጋው ክፍል) ከመጠን በላይ ሞቀና ራሱን አጠፋ፤ ሽማግሌዎቹ ሙሽሮቹን እየመረቁ ሳለ ድምፁ ጭጭ አለ። ምርቃት ያለ ማይክራፎንም እንደሚደርስ ባውቅም የዚያን ቀን ሐፍረቴ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ሌላው ችግር ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የአይሲው አለመሆኑ ነው። ደንበኞች «እምም ይላል» ብለው የሚያመጡት ሚክሰር ሲከፈት፣ በአብዛኛው የሚገኘው በዕድሜና በሙቀት የደረቀ የፓወር ሰፕላይ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ የሚያስተካክል ዕቃ) ነው፤ የሚንኮሻኮሸው ደግሞ ከሐይቁ እርጥበትና ከሜዳ ድግስ አቧራ የተነሣ የቆሸሸ ፌደር (ድምፅ መጨመሪያና መቀነሻ ተንሸራታች) ነው። እነዚህ በጥቂት ብር ይስተካከላሉ። በገበያው ላይ ስሙ ተፍቆ እንደገና የታተመበት አስመሳይ አይሲ መኖሩንም ልብ ይሏል።

መቀየሩ በእርግጥ የሚጠቅምበት ቦታ አለ፤ እርሱም ደማሪው፣ ማለትም የቻናሎቹን ድምፅ በአንድ የሚያዋህደው ክፍል ነው። 24 ቻናል በአንድ መስመር ሲገናኝ የደማሪው አይሲ የራሱ የጀርባ ድምፅ 25 እጥፍ ያህል ይጎላል፤ እዚህ ላይ ጥሩ አይሲ ማስገባት በጆሮ ይለያል። በማይክራፎኑ መግቢያ ላይ ግን ብዙ ሚክሰሮች ከአይሲው ፊት ድምፁን አስቀድመው የሚያጎሉ ትራንዚስተሮች ስላሏቸው ከኋላ ያለውን መቀየር እምብዛም ለውጥ አያመጣም።

በበኩሌ ዛሬ ካፓሲተሮቹን አድሼ፣ የደማሪዎቹን አይሲዎች ብቻ ለውጬ፣ ለእያንዳንዱም 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር ከኃይል እግሮቹ አጠገብ በይጄ፣ ሚክሰሩን ክዳኑ ተዘግቶ ሙሉ ቀን ሳላሠራው አላስረክብም። ደንበኞችም የተቀየረላቸውን አሮጌ አይሲ ቆጥረው እንዲረከቡ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የድምፅ መሣሪያ ጠጋኝ፣ ከባሕር ዳር