ጥድፊያው የደራሲው ጥፋት አይደለም

ለአዘጋጁ፦

ስለተቋረጡ የልዕለ ጀግና ኮሚኮች (በሥዕል የሚተረኩ ተከታታይ መጽሔቶች) ያወጣችሁት ጽሑፍ ለተጣደፉ የመጨረሻ እትሞች ደራሲዎችን ይወቅሳል። በዚህ አልስማማም።

በ1974 እ.ኤ.አ. የወጣውን የአሜሪካዊውን የኮሚክ ደራሲና ሠዓሊ የጃክ ከርቢን «ሚስተር ሚራክል» የመጨረሻ እትም፣ ቁጥር 18ን፣ እንመልከት። ዋናው ጀግና ስኮት ፍሪና ፍቅረኛው ቢግ ባርዳ በግርግር መሀል ይጋባሉ። የሌላው የከርቢ መጽሔት የ«ኒው ጎድስ» ጀግኖች ኦሪዮንና ላይትሬይ ከየት መጡ ሳይባል ዱብ ይላሉ። ዋናው ክፉ ገጸ ባሕርይ ዳርክሳይድም ይመጣል፤ ያውም ሠርጉ ካለቀ በኋላ! ጥድፊያው ያስታውቃል። ግን ከርቢ ምን ያድርግ? አሳታሚው ዲሲ ታሪኩን የሚጋሩትን ተጓዳኝ መጽሔቶች «ኒው ጎድስ»ንና «ፎርኤቨር ፒፕል»ን በ1972 ገና ቁጥር 11 ላይ ዘግቶበታል። የሦስት መጽሔት ታሪክ በአንድ እትም አይቋጭም።

ደግሞም የተጣደፈ መጨረሻ ጨርሶ ከሌለው ይሻላል። ስኮትና ባርዳ ቢያንስ ተጋብተዋል። የ«ኒው ጎድስ» አንባቢ ግን ከርቢ ራሱ ወደ ታሪኩ እስኪመለስ ድረስ እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ጠብቋል።

አሳታሚዎች ተከታታይ ሊዘጉ ሲወስኑ ቢያንስ ከሦስት እትም በፊት ለደራሲው ይንገሩ። እናንተም የመጨረሻ እትም ስትገመግሙ፣ ደራሲው መቋረጡን መቼ እንደሰማ አጣርታችሁ ጻፉልን።

አንድ የኮሚክ አንባቢ