ሰርቨር ሲቆም ዲስክ ለመንቀል አንቸኩል

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

እዚህ አዳማ በየመሥሪያ ቤቱና በየክሊኒኩ ሰርቨር፣ ማለትም የቤቱን መረጃ የሚይዘው ዋና ኮምፒውተር፣ በቆመ ቁጥር መጀመሪያ የሚነካው ዲስኩ ነው። ይነቀላል፣ ቦታው ይቀያየራል፣ አንዳንዴም ሲስተሙ እንደ አዲስ ይጫናል። ብልሽቱ ግን አንድ ራም (ጊዜያዊ ማስታወሻ) ወይም አንድ ፓወር ሰፕላይ (ኤሌክትሪክ ሰጪው ክፍል) ብቻ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ መረጃ የሚያጠፋው ችኮላው ነው።

መጀመሪያ ሰርቨሩ ራሱ ብልሽት የሚመዘግብበት መዝገብ ይነበብ። ዴል ከሆነ በአይድራክ፣ ኤችፒ ከሆነ በአይሎ ይገባል፤ እነዚህ ሰርቨሩ ውስጥ ያሉ የርቀት መቆጣጠሪያዎች ዊንዶውሱ ባይነሣም ሰርቨሩ ኤሌክትሪክ እስካገኘ ድረስ ይሠራሉ። ራም ላይ ስሕተት ካሳየ ሰርቨሩን አጥፍቶ ያንኑ ራም ወደ ሌላ ማስገቢያ ማዛወር ነው። ስሕተቱ ራሙን ተከትሎ ከሄደ ራሙ ይቀየር፤ እዚያው ከቀረ ችግሩ ማስገቢያው ወይም ፕሮሰሰሩ ጋ ነው። ጭራሽ አልነሣ ካለ አንድ ፕሮሰሰርና አንድ ራም ብቻ አስቀርቶ መሞከር፣ ከዚያ የቀረውን አንድ በአንድ መመለስ። ሁለት ነገር ባንዴ ከተቀየረ ጥፋተኛው አይታወቅም።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ሬይድ 5፣ ማለትም መረጃው በብዙ ዲስኮች ላይ ተከፋፍሎ የሚቀመጥበት አሠራር ነው። አንድ ዲስክ ቢሞት ሥራው ይቀጥላል፤ በሞተው ፈንታ በስሕተት ጤነኛው ከተነቀለ ግን ሁሉም ነገር ይቆማል፣ መረጃውም አደጋ ላይ ይወድቃል። ብርቱካናማ መብራት የበራበትን ዲስክ ቁጥር ከመዝገቡ ጋር አመሳክሩ፣ በማርከር ጻፉበት፣ ባክአፕ (የመረጃው ቅጂ) ውሰዱ፣ ከዚያ መጠኑ እኩል ወይም የበለጠ በሆነ ዲስክ ተኩ። አዲሱ ዲስክ በመረጃ እስኪሞላ ሰዓታት፣ ትልቅ ከሆነም ከአንድ ቀን በላይ ይፈጃል። በዚህ መሀል የቀሩት ዲስኮች ከዳር እስከ ዳር ስለሚነበቡ ያረጀ ካለ ሊሞት ይችላል፤ ባክአፑ መቅደም ያለበት ለዚህ ነው። ስክሪኑ ላይ «ፎሪን ኮንፊገሬሽን» (ሰርቨሩ የራሱ ነው ብሎ ያልተቀበለው የዲስክ አደረጃጀት) የሚል ከመጣ ባለሙያ ሳያየው ያን አደረጃጀት የሚያጠፋውን «ክሊር» በፍጹም እንዳትነኩ።

የሰርቨሩ ሁለት ፓወር ሰፕላዮች አንድ ዲቫይደር ላይ ከተሰኩ ዲቫይደሩ ሲቃጠል አብረው ይጠፋሉ። አንዱ በዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ በሚሠራው)፣ ሌላው በተለየ መስመር ይሁን። የአዳማ አቧራ ሂትሲንኩ (የፕሮሰሰሩን ሙቀት የሚያስወጣው ብረት) ውስጥ ሲጠቀጠቅ ደግሞ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ፋኖቹ ይጮኻሉ። ሰርቨሩ ጠፍቶ በብሎወር ይነፋ፤ ፋኑ ግን እንዳይሽከረከር በጣት ይያዝ፣ ከልክ በላይ ከዞረ ይበላሻል።

የግዢ ክፍሎች ሆይ፣ የሰርቨር ጨረታ ስታወጡ ቢያንስ አንድ መጠባበቂያ ዲስክና አንድ ፓወር ሰፕላይ አብራችሁ አስገቡ። ሞዴሉ ካረጀ በኋላ ተስማሚውን ገበያ ላይ ማግኘት ከባድ ነው።

የሰርቨር ጥገና ባለሙያ፣ ከአዳማ