ለከተማችን የተባይ መከላከል ኃላፊ፦ ግድግዳዬ ውስጥ ስለሰፈሩት ንቦች ግልጽ ደብዳቤ

የተከበሩ ኃላፊ፣

እኔን አያውቁኝም። ባልደረቦችዎ ግን የሳሎኔን ግድግዳ ሳያስታውሱት አይቀሩም። ባለፈው ዓመት ንብ ሰፍሮብኝ ደውዬላችሁ ነበር። ሁለት ሰዎች መርጫ አዝለው መጡ። ከውጭ በኩል ባለችው ቀዳዳ መድኃኒቱን ለቀቁት። ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀባቸውም። ቅጽ አስፈረሙኝና ሄዱ። «የተወሰደ እርምጃ» ከሚለው ፊት ለፊት አንድ ቃል ተጽፏል፦ «ተረጭቷል»።

ፈጥነው ስለመጡ አመስግኛለሁ፤ አሁንም አመሰግናለሁ። ንብ ቤቱ የገባበት ሰው ቀልቡ ይገፈፋል። የምጽፍልዎ ከዚያ በኋላ ስለሆነው ነው።

ሦስት ሳምንት ያህል እንደቆየ ግድግዳው ማላብ ጀመረ። ቧንቧ የፈሰሰ መስሎኝ ነበር። ቡናማ፣ የሚያጣብቅ ነገር ነው። ቀጥሎ ሽታው መጣ። ከሽታው ቀጥሎ ጉንዳን። ጠርጌ፣ ቀለም ቀብቼ ተገላገልኩ አልኩ። ለካስ አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ማለት ይሄ ነው። ዘንድሮ ሌላ መንጋ መጥቶ እዚያችው ቀዳዳ ገባ።

በዚህኛው ዙር ለእናንተ አልደወልኩም። አንድ ንብ አናቢ ለመንኩ። ግድግዳውን ሲከፍተው ከኋላ የአምናው የማር እንጀራ፣ ማርና እጭ የሚይዘው የሰም ቤታቸው፣ ጠቁሮ፣ የሰም እሳት እራት ትል በልቶት ተንጠልጥሏል። ከጎኑ የዘንድሮዎቹ የሠሩት አዲስ ነጭ እንጀራ አለ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። መድኃኒቱ የገደለው ንቦቹን እንጂ ቤታቸውን አልነካውም።

ንቦች በሕይወት እያሉ እጮቹ ያሉበትን ቦታ ሙቀት 34 እና 35 ዲግሪ ሴልሺየስ መካከል ይጠብቁታል። ሙቀት ሲበዛ በክንፋቸው ያራግባሉ፣ ውኃ አምጥተው ያቀዘቅዛሉ። እነሱ ሲሞቱ የሚያራግብ የለም። ሰሙ ይላላል፣ ማሩ ይፈስሳል፣ እጩ ይበሰብሳል። የተረፈውን የተመረዘ ማር ደግሞ የሌላ ቀፎ ንቦች መጥተው ሊዘርፉት ይችላሉ። አንድ ቤት ላይ የተረጨ መርዝ በዚህ መንገድ ለማንም ያልደረሰ ንብ አናቢ ቀፎ ድረስ ይሄዳል። የሰሙ ሽታም ለቀጣዩ መንጋ ጥሪ ነው። የእኔ ግድግዳ ምስክር ነው።

ለምን ግድግዳ መረጡ ካሉኝ፣ ነገሩ ደስ የሚል ታሪክ አለው። ንቦች ያገኙትን ቦታ ለጓደኞቻቸው የሚጠቁሙበትን ጭፈራ ትርጉም የፈታው ተመራማሪ ካርል ፎን ፍሪሽ እ.ኤ.አ. በ1973 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። ተማሪው ማርቲን ሊንዳወር ደግሞ መንጋ ላይ የሚጨፍሩ ንቦችን ሲያይ፣ አንዳንዶቹ ጥላሸት ሌሎቹ የጡብ አቧራ ለብሰዋል። አበባ ላይ አልነበሩም ማለት ነው፤ ቤት ሲያዩ ውለው ነው! እንደ ደላላ ያዩትን ቤት ለሌሎቹ እያስተዋወቁ ነበር። በኋላ የንብ ተመራማሪው ቶማስ ሲሊ ምርጫቸውን ሲመረምር 40 ሊትር ገደማ የሚይዝ፣ መግቢያው ጠበብ ያለ፣ ከመሬት ከፍ ያለ ክፍተት እንደሚወዱ አገኘ። የእኔ ግድግዳ በልክ የተሰፋላቸው ይመስላል።

እንግዲህ የምጠይቀው ነገር ከባድ አይደለም። ስልክ ሲደወል፣ መርጫው ከመጫኑ በፊት ጥያቄ ይቅደም። ንብ ነው ወይስ ተርብ? ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል ወይስ ቀዳዳ ውስጥ ይመላለሳል? ከመጣ ስንት ጊዜው ነው? ቤት ውስጥ ንድፊያ የማይስማማው ሰው አለ?

መልሱ ሥራውን ይለውጠዋል። ቅርንጫፍ ላይ እንደ ዘለላ የተንጠለጠለ መንጋ መንገደኛ ነው። አሮጌዋ ንግሥት ግማሽ ያህሉን ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኛ ይዛ የወጣች ናት፤ የድሮው ቀፎ ለአዲሷ ቀርቷል። ሲወጡ ሆዳቸውን በማር ሞልተው ነው። የሚጠብቁት እጭም ጎተራም ስለሌላቸው አብዛኛውን ጊዜ ገራም ናቸው። በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሄዳሉ። ሰውና ውሻ ማራቅ፣ ድንጋይም ጭስም አለመሞከር፣ ንብ አናቢ መጥራት። አመሻሽ ላይ በሣጥን ይዟቸው ይሄዳል።

ግድግዳ ውስጥ ሲሆን ሥራ አለው። ግድግዳው ይከፈታል፣ እጭ ያለበት እንጀራ ተቆርጦ ቀፎ ውስጥ በሚገባ ፍሬም ላይ ይታሰራል፣ ንግሥቲቱ ቀፎ ከገባች ሌሎቹ ይከተሏታል። ከዚያ ቦታው ታጥቦ ይደፈናል። መክፈት ካልተቻለ ቀዳዳው ላይ ንቦቹ ወጥተው የማይመለሱበት፣ ጫፉ የጠበበ የወንፊት ሽቦ ቀንድ ይሠራል፤ ሳምንታት ይፈጃል፣ ማሩም ውስጥ ይቀራል፣ ግን ከምንም ይሻላል። ንቦቹ እያሉ ቀዳዳውን መድፈን ግን አደራ! ሌላ መውጫ ሲፈልጉ በአምፖሉ በኩል ሳሎን ይገባሉ።

መሬት ቆፍረው ወይም እንጨት በስተው የሚኖሩም አሉ። በዓለም ከ20,000 በላይ የንብ ዝርያ ሲኖር አብዛኛው ብቸኛ ነው፤ መንጋም ማርም የለውም። እነሱን ዝም ብሎ መተው ነው።

በማንኛውም ዋጋ ንብ ይትረፍ አላልኩም። አንዲት ንድፊያ ነፍሱን የምታሰጋው ሰው ካለና የሚያነሳቸው ባለሙያ ካልተገኘ፣ የሰው ነፍስ ይቀድማል፤ በዚህ አልከራከርም። ያን ጊዜም ቢሆን እንጀራው መውጣት አለበት።

የሚያግዟችሁን ንብ አናቢዎች ዝርዝር ስልክ ለሚያነሱት ሠራተኞች ስጧቸው። ቅጹ ላይም አንድ መስመር ይጨመር፦ «እንጀራው ወጥቷል፣ ቀዳዳው ተደፍኗል»። ይህ መስመር ሳይሞላ ጉዳዩ አይዘጋ።

የእኔ መዝገብ እናንተ ዘንድ ከአምና ጀምሮ «ተረጭቷል» ተብሎ እንደተዘጋ ነው። ግድግዳው ግን የተዘጋው ባለፈው ቅዳሜ ነው። እንዲታረምልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
አንድ ነዋሪ