ከዕንቅብ በታች

እማዬ፣ እንደምን አለሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ? እኛ ሁላችን ደህና ነን፣ ጌታ ይመስገን።

ባለፈው እሑድ በስልክ ያልሽኝ ነገር ከጆሮዬ አልወጣ አለ። የቤተ ክርስቲያኑ ወጣቶች በጨለማ ዘመን ብርሃን ስለመሆን እንድትመሰክሪላቸው ጠየቁሽ። አንቺ ደግሞ “እኔ ምን አብርቼ አውቃለሁ? መስኮት ስዘጋ ነው የኖርኩት” ብለሽ መለስሻቸው። ስቄ ስልኩን ዘጋሁት። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

መስኮቱን እኔም አልረሳሁትም። ደርግ ጥር 1974 ቤተ ክርስቲያናችንን መሠረተ ክርስቶስን ሲዘጋ ሰባት ዓመቴ ነበር። መሪዎቹ ታሰሩ፣ ሕንጻዎቹ ተወረሱ። ከዚያ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ማለት ናዝሬት ያለችው ጠባቧ ሳሎናችን ሆነች። ግራጫውን ብርድ ልብስ መስኮቱ ላይ ትሰቅያለሽ። ሰዎቹ ፋታ እየሰጡ አንድ በአንድ ይገባሉ። ረከቦቱ ቀርቦ፣ ሲኒው ተደርድሮ ይጠብቃል፤ የቀበሌ ሰው ድንገት ከገባ ቡና እየጠጣን ነው። (ቡናው ግን የምር ነበር። በረካውን ሳይጠጡ መቼ ታስነሻቸው ነበር?) መዝሙሩ በሹክሹክታ ነው። መጽሐፍ ቅዱሱ በላስቲክ ተጠቅልሎ በርበሬ ዕቃው ውስጥ ይደበቃል። ገና ሲገለጥ ሁላችንም ማስነጠስ!

አንድ ማታ ማቴዎስ አምስት ተነበበ። መብራት አብርቶ ከዕንቅብ በታች የሚያኖር የለም የሚለው። እኔም “እማዬ፣ የእኛው ግን ከዕንቅብ በታች አይደል?” አልኩሽ። ቤቱ ጸጥ አለ። አንቺም “ሲኒውን አቀብዪኝ” አልሽኝ፣ በቃ።

እውነቱን ልንገርሽ? ለዓመታት አፍሬብሻለሁ። ፈሪ ትመስዪኝ ነበር።

ቤተ ክርስቲያኗ ስትዘጋ አባላቷ 5,000 ገደማ ነበሩ። በ1983 ደርግ ወድቆ በሩ ሲከፈት ከ34,000 በላይ ሆነው ወጡ። ሰው ተአምር ይለዋል። ነው። ግን ተአምሩ ረከቦት ነበረው። ሳሎኑ ሲሞላ ለሁለት መከፈል፣ ያኛውም ሲሞላ እንደገና። ያን ሁሉ ጊዜ ሲኒ ያጠበው ማን ነው?

እኔን ያሸነፈኝ ግን ቁጥሩ አይደለም። አባዬን ጠቁሞ ስምንት ወር ያሳሰረው ጎረቤት በዚያው በ1983 ክረምት እሱም ታሰረ። አንቺ ስንቅ ቋጠርሽለት። ያውም ለአባዬ በምታደርሺበት በዚያው ሰማያዊ ምሳ ዕቃ! ጮህኩብሽ። “ሚስቱ አራስ ናት። ማን ያድርስለት?” አልሽኝና ጃንጥላሽን ይዘሽ ወጣሽ። ስለ ይቅርታ አንድ ቃል አልተናገርሽም። እኔ እስከ ዛሬ አልተዋጠልኝም። ሰውየውን ካየሁት መንገድ እቀይራለሁ። አንቺ ግን በዓል በመጣ ቁጥር ድፎ ዳቦ ትልኪለታለሽ።

ስለዚህ እማዬ፣ ልጆቹን እምቢ አትበያቸው። ስብከት አይጠበቅብሽም። ብርድ ልብሱን ብቻ ይዘሽ ሂጂ፤ አልጣልሽውም፣ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ታች እንዳለ አውቃለሁ። የበርበሬውንም ንገሪያቸው፣ ይስቃሉ።

ለፋሲካ እመጣለሁ። ቅባቱን ማታ ማታ ተቀቢ፣ “ረሳሁት” እንዳትዪኝ።

ልጅሽ