የፋርማኮሎጂ ሪሰርች ለምትጀምሩ

ሰላም የግሩፓችን ልጆች፣ በተለይ ደሴ ግቢ ያላችሁ። ዘንድሮ በፋርማኮሎጂ የመመረቂያ ሪሰርች የምትሠሩ፣ ርእስ ከመቁረጣችሁ በፊት አድቫይዘራችሁን አናግሩ። ላብ ውስጥ አይጥ አለ? ሬጀንቱስ (ለሙከራው የሚያስፈልገው ኬሚካል)? ይሄ ሳይታወቅ ፕሮፖዛል መጻፍ ከንቱ ልፋት ነው።

ዳማከሴ እንሠራለን ያላችሁኝ አላችሁ። በጣም ደስ ይላል፤ እናቶቻችን ለምች የሚጨምቁት ቅጠል ላብ ገብቶ ሲፈተን ማየት ትልቅ ነገር ነው። ግን መጀመሪያ ተክሉን ለባለሙያ አሳይታችሁ አስለዩ፣ ናሙናውን ሄርባሪየም (የደረቁ ተክሎች ናሙና የሚቀመጥበት ቦታ) አስቀምጡና የቫውቸር ቁጥሩን (ለናሙናው የሚሰጠውን መለያ ቁጥር) ያዙ። ቅጠሉን ጥላ ላይ አድርቁት እንጂ ፀሐይ ላይ እንዳታሰጡት። ከዚያ ይፈጫል፣ ብዙ ጊዜ በ80 ፐርሰንት ሜታኖል (የአልኮል ዓይነት ነው) ለ72 ሰዓት ይዘፈዘፋል፣ ይጣራል፣ ሜታኖሉ እንዲተን ይደረጋል። መርዛማነቱን በኦኢሲዲ 425 መመሪያ (መርዛማነትን በእንስሳት ላይ ለመፈተሽ የወጣ ዓለም አቀፍ መመሪያ ነው) ስትፈትሹ ለአንድ ኪሎ የአይጥ ክብደት 2000 ሚሊግራም ሰጥታችሁ አይጦቹን 14 ቀን ትከታተላላችሁ።

የኤቲክስ (የምርምር ሥነ ምግባር) ፈቃድ ሳይወጣ ግን አንድም አይጥ አትንኩ፤ በዚህ ቀልድ የለም።

አድቫይዘራችሁ ቢቆጣም አትሽሹት። የሠራችሁትን በየሳምንቱ አሳዩት፣ ውጤቱ ያልጠበቃችሁት ቢሆንም እንዳለ ጻፉት። አብሽሩ! ጥያቄ ያለው እዚሁ ይጻፍልኝ፣ ማታ ማታ እመልሳለሁ።