ጨዋታው ይግባ፣ ሳጥኑ ይቅር

ለተከበሩ አዘጋጅ፤

ጂኦካሺንግ የተባለው ጨዋታ ወደ ጥብቅ ደኖቻችን ይግባ አይግባ የሚል ክርክር እዚህ ጅማ በወጣቶች መካከል ሲነሳ እሰማለሁ። ለማያውቀው አንባቢ፦ አንዱ ውኃ የማያስገባ ትንሽ ሳጥን ከነመፈረሚያ ደብተሩ ይደብቅና ቦታውን በጂፒኤስ ለክቶ በኢንተርኔት ያስታውቃል፤ ሌላው በስልኩ እየተመራ ፈልጎ ያገኘዋል፣ ፈርሞም ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ጨዋታው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2000 በኦሪገን ነው፤ አሜሪካ የጂፒኤስን ምልክት ለሕዝብ ሆን ብላ ማዛባቷን በተወች ማግስት።

ወጣቱን በእግሩ የሚያስኬድ ነገር አልጠላም። የምቃወመው ሳጥኑን ነው።

ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለውን፣ «በለጠ» የሚባለውን ደን እንውሰድ። ዛፉ ላይ ቀፎ ተሰቅሏል፣ ከሥሩ የደን ቡና አለ፤ ባለቤት የሌለው የሚመስለው ጥሻ ሁሉ ተጠቃሚው ይታወቃል። በቡና ለቀማ ወቅት የዛፍ ሥር የሚበረብር፣ የግንድ ቀዳዳ ውስጥ እጁን የሚከት እንግዳ ሲመጣ ቡና ጠባቂው ምን ይበል? በሌሎች አገሮች እንዲህ ያለ ሳጥን ፈንጂ መስሎ ፖሊስ የተጠራበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። እኛ ዘንድ ደግሞ ወርቅ ተቀብሯል ተብሎ ጫካው እንዳይቆፈር እሰጋለሁ።

ፈላጊው ሁሉ ወደ አንድ ነጥብ ስለሚያመራ ችግኝ ይረገጣል፣ ውሎ አድሮ አዲስ ዱካ ይወጣል። በዚያ ዱካ መጥረቢያ የያዘውም ይገባል። ደኑን የሚጨርሰው እርሻና ከሰል እንጂ ጨዋታ አይደለም የሚሉኝ እውነታቸውን ነው፤ ታዲያ ለከሰል አክሳዩ መንገድ የምንጠርግለት ለምንድን ነው?

የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች ሳጥን ያለ ፈቃድ እንዲቀመጥ አይፈቅዱም፤ ብዙዎቹ ግን ሳጥን የሌለውን ዓይነት ይቀበላሉ። ተጫዋቹ ቦታው ድረስ ሄዶ፣ እዚያ ያልደረሰ ሰው ሊመልሰው የማይችለውን ጥያቄ ይመልሳል። በ«በለጠ» ደንም ከነባሩ መንገድ ሳይወጡ፣ ጉሬዛ እያዩ፣ «ቀፎው የተሰቀለው በምን ዛፍ ላይ ነው?» የሚለውን መመለስ ይቻላል። ፈቃዱን የሚሰጠው ግን ከሩቅ ያለ ቢሮ ሳይሆን ደኑን የሚጠብቀው የአካባቢው የደን አስተዳደር ማኅበር፣ ዋቡብ ይሁን፤ የአስጎብኚነቱን ክፍያም የቀበሌው ልጆች ያግኙት።

ጅማ አጠገብ ያለው የቦዬ ረግረግ ግን ከነጭራሹ ይቅር። ወፎች እንቁላል በሚጥሉበት ቄጠማ ውስጥ የሚንቦጫረቅ ሰው አያስፈልግም፤ ጉማሬም ቀልድ አያውቅም።

ሳጥን መደበቅ የግድ ያማራቸው፣ ባለቤቱን አስፈቅደው በከተማው ሆቴሎችና ካፌዎች ግቢ ይደብቁ።

አንባቢያችሁ፣ ከጅማ