ሳሩ አማረ፣ ጎመኔን ግን ክሽክሽ ጨረሰው

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምጽፍላችሁ ከጎንደር፣ ከአዘዞ ነው። ጉዳዬ ስለ ሳር ነው፣ አትሳቁ።

ከቤቴ ጀርባ ድሮ ከብት የሚውልባት ትንሽ ሜዳ አለች፣ ክረምት ሲገባ ሰርዶው ማገጡ ሰምበሌጡ ተቀላቅሎ ይበቅልባታል፣ መስከረም ላይ ደግሞ አደይ አበባ ይሞላትና ጠዋት ጠዋት ጤዛ ያረፈበት የሸረሪት ድር ካንዱ አበባ ወዳንዱ ተወጥሮ ስለሚታይ ልጆቼ እሱን ሲያዩ ትምህርት ቤት ይረፍድባቸው ነበር። አምና ለውበት ተብሎ ሁሉም ተመንግሎ ወጣና አንድ ዓይነት ሳር ተተከለ፣ በየሳምንቱ ይታጨዳል፣ እውነት ለመናገር ለፎቶ አሪፍ ነው። ማን አስደረገው የሚለውን ልተወው፣ ጎረቤት ነን።

ዘንድሮ ድሩ የለም። አጥሬ ስር ያለውን ጎመን ደግሞ ክሽክሽ፣ ያ ቅጠል ላይ ተለጥፎ ፈሳሹን የሚመጠው ጥቃቅን ተባይ፣ ወሮታል። በፊትም ክሽክሽ ነበረ፣ ግን ቅጠሉን ገልበጥ ሳደርገው መሃል መሃል ላይ አብጠው ቡናማ ሆነው የደረቁ አገኝ ነበር፣ ጀርባቸው በመርፌ የተወጋ የሚመስል ክብ ቀዳዳ አለው። ከትንኝ የማትበልጥ ተርብ ናት እንደዚ የምታደርጋቸው፣ ክሽክሹ ውስጥ እንቁላል ትጥላለች፣ ልጇ ውስጡን በልቶ ቀዶ ይወጣል። እናትየዋ ራሷ ግን የምትቀስመው አበባ ትፈልጋለች። ዘንድሮ ስንቱን ቅጠል ገልብጬ እንደዛ የሆነ ሁለት ብቻ አገኘሁ። ሁሉም በሜዳው ምክንያት ነው ብዬ አልምልም፣ የዝናቡም ነገር አለ።

ፈረንጆቹ ይሄን መደብ መደብ አድርገው ፈትነውታል፣ አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ ሲዳር ክሪክ በነሱ አቆጣጠር ከ1994 ጀምሮ አንዱ መደብ ላይ 1 ዓይነት ተክል ሌላው ላይ እስከ 16፣ ጀርመን ዬና ላይ ደግሞ ከ2002 ጀምሮ እስከ 60 ዓይነት ዘርተው፣ ያልተዘራውን እያረሙ (አስቡት ሳር ከሳር ማረም!) ነፍሳቱን ሲቆጥሩ ኖሩ። የተክሉ ዓይነት ሲበዛ የነፍሳቱም ዓይነት በዛ፣ ሲዳር ክሪክ ላይማ አዳኞቹ ከቅጠል በሊታዎቹ አንፃር ጨመሩ። አንድ ዓይነት ብቻ ሲተከል እኮ ያንን የሚወድ ተባይ ሳይለፋ ከድግስ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ሲቀላቀል ግን መፈለግ አለበት። ሸረሪት ቅጠል አትበላም፣ እሷን የሚጎዳት የምታድነው ሲጠፋና ድሯን የምትወጥርበት ረጅም አገዳ ሲታጨድ ነው።

የምለምነው ትንሽ ነገር ነው፣ የመንገዱን ዳር አጭዱት፣ መሃሉን ግን አደዩ ዘሩን እስኪያራግፍ እስከ ኅዳር ተዉት። የማገጥ ዘር ከጠፋ ገጠር ዘመድ አለኝ፣ አንድ ጣሳ ላስመጣ እችላለሁ።

የአዘዞ ነዋሪ